የጋሼ ካሳዬ ተራ

ጋሼ ካሳዬ አንዲት ኪኒን ለመዋጥ ሦስት ሰው ያደክማሉ። መጀመሪያ የመድኃኒት ቤቷን ልጅ፣ ቀጥሎ የወልዲያውን ሐኪም፣ በመጨረሻ እኔን። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ እጠግናለሁ። ስለ ኪኒን የማውቀው ነገር የለም። እሳቸው ግን ብልቃጡን ይዘው ይመጡና «እስቲ አንተ ዓይንህ ደህና ነው፤ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን አንብብልኝ» ይሉኛል። አነባለሁ። አያምኑኝም። መነጽራቸውን ያደርጉና ራሳቸው ደግመው ያነቡታል። ታዲያ እኔን ለምን ሥራ አስፈቱኝ?

ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘይት ሳይለኩ መኪና አስነስተው አያውቁም ይባላል፤ አሁን ደግሞ ስኳራቸውን ሳይለኩ ቁርስ አይቀርቡም። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። እንዲህ ጥንቁቅ ያደረጋቸው ግን የራሳቸው በሽታ አይደለም። ባለቤታቸው እትዬ ገነት ወገባቸውን ባመማቸው ቁጥር ጎረቤት ያቀበላቸውን ማስታገሻ ሲውጡ ኖሩ። አንዷ «ይቺ እኔን አድናኛለች» ትላለች፣ ሌላዋ ከልጇ የተረፈውን ትሰጣለች። ኩላሊታቸው መጎዳቱ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ጋሼ ካሳዬ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ከሰው እጅ ኪኒን አይቀበሉም።

ልጃቸው ራሄል እንኳን ከአዲስ አበባ ቫይታሚን ስትልክላቸው፣ ብልቃጡን ሳይከፍቱ ወልዲያ ድረስ ይዘውት ይሄዱና «ይህ ከኪኒኔ ጋር ይጣላል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ቀን በግራና ከተማ ገበያ ላይ አንዲት ሴት የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ለስኳር ፍቱን ነው ብላ ልትሸጥላቸው ብትሞክር፣ «ሐኪሜን ልጠይቅና እመለሳለሁ» ብለዋት ሄዱ። ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ገበያተኛ ገጥሟት አያውቅም፤ ለረጅም ጊዜ በዓይኗ ስትከተላቸው አይቻለሁ።

ምግባቸውም ያው ነው። ጨው የሌለው ሽሮ፣ ጎመን፣ ግማሽ እንጀራ። በግቢያቸው ካለው የማንጎ ዛፍ የሚበቃቸው ሽታው ነው፤ ፍሬውን ለሰፈሩ ያድላሉ።

ችግሩ፣ በእኛ አገር ሰው ከሰው የሚኖረው አብሮ በመብላት ነው። ሰው ቤት ሲገቡ «ይቅረቡ እንጂ» ይባላሉ። «ከልክለውኛል» ይላሉ። የቤቷ እመቤት «ትንሽ ብቻ፣ በሞቴ!» ትላለች። «በሞትሽ አትበይ ልጄ፤ የምሞተው እኔ ነኝ» ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እንስቅ ነበር። እያደር የሚጠራቸው ሰው ቀነሰ። ማንም አልጠላቸውም። ለማይበላ ሰው ምን ይቀርባል እያሉ መሳቀቅ ሰለቸን እንጂ። እኔም ራሴ ምሳ ስበላ በሱቄ በኩል ሲያልፉ ያላየሁ የመሰልኩበት ቀን አለ።

የቀራቸው የሚካኤል ማኅበር ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ነን። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ ተራ በተራ እየደገስን ጽዋ እንጠጣለን። በሰው ተራ ጋሼ ካሳዬ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይመጡና ጥግ ይቀመጣሉ፤ ጽዋው ሲደርሳቸው ከንፈራቸውን ብቻ ያስነካሉ። ኅዳር ግን የእሳቸው ተራ ነው። አለሚቱ የምትባል ሴት ዳቦውንም ጠላውንም ታሰናዳላቸዋለች፤ እሳቸው ቆመው «ብሉ፣ ጠጡ» ሲሉ ይውላሉ። እትዬ ገነት ካለፉ ወዲህ ያ ቤት በሰው የሚሞላው በዓመት ያን ቀን ብቻ ነው። መስቀል ካለፈ ጀምሮ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ተራዬ ደረሰ» ይሉኛል።

የጥቅምቱ ማኅበር ዕለት ወልዲያ ቀጠሮ ስለነበራቸው ቀሩ። የማኅበሩ ሙሴ አቶ ወንድሙ፣ «ካሳዬ ደካማ ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው» አሉ። «ለማይበሉት ድግስ ለምን ይልፉ? የኅዳሩን ሮቤል ይውሰደውና እሳቸውን እናሳርፋቸው።» ሮቤልን ጨምሮ ሁላችንም ተስማማን። ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። መልእክቱን እንዳደርስ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ማኅበርተኛው አንቱን ሊያሳርፍ ቆርጧል። የኅዳሩን ድግስ ሮቤል ይዞታል።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይህን ያህል ታስቡልኛላችሁ? ሚካኤል ይባርካችሁ» አሉኝ። ይቀየማሉ ብዬ ፈርቼ ስለነበር እፎይ ብዬ ወደ ጎማዬ ተመለስኩ። ምነው ያን ቀን አንዲት ቃል ጨምሬ በነበር!

በዚያ ወር ጥንቃቄያቸው የበለጠ ጠነከረ። ግማሹ እንጀራ ሩብ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት በከዘራ ሲራመዱ አያቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ሊመንኑ ነው እንዴ?» ብዬ ብቀልድባቸው፣ «ዝም በል፣ ጉዳይ አለኝ» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቼ ነበር።

ኅዳር አሥራ ሁለት ሮቤል ቤት ተሰበሰብን። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጋሼ ካሳዬ የሉም። «ደክሟቸው ይሆናል» አሉ አቶ ወንድሙ። ለቀረ ሰው ድርሻ መላክ ልማዳችን ስለሆነ፣ ከዳቦው አንድ ቁራሽ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰጠኝና ሄድኩ።

የግቢያቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እቤት ውስጥ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ግድግዳውን ተከትሎ አሥራ አንድ ወንበር ተደርድሯል፤ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፣ ከየጎረቤቱ የተለመነ ነው። ጋሼ ካሳዬ የክት ጋቢያቸውን ለብሰው መሐል ላይ ቆመዋል።

«መጣችሁ? ምነው ቆያችሁ! ሌሎቹ ከኋላህ ናቸው?»

«ጋሼ...» አልኩ። «ሮቤል ቤት ናቸው።»

«ሮቤል ቤት ምን ይሠራሉ?»

የያዝኩትን ጥቅልል አዩት። ቆይተው አንዱን ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ልፋቱን ሮቤል ሊችልልኝ፣ እናንተ ግን እዚህ ልትመጡ መስሎኝ» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከጋቢያቸው ሥር የስኳር መለኪያቸውን አወጡ። ጣታቸውን ወግተው ደሙን አስነኩና ቁጥሩን ለእኔ አዞሩልኝ። ለወትሮው ራሳቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያነቡ ለሰው አያሳዩም።

«ጥሩ ነው አይደል?»

«በጣም ጥሩ ነው ጋሼ።»

«አንድ ወር ሙሉ የተቆጠብኩት ለዚህች ቀን ነው። ሐኪሙን አስቀድሜ ጠየቅኩት። ስኳርህ ከተስተካከለ አንዲት ቁራሽ ትችላለህ አለኝ። ዘንድሮ እንደ ሰው አብሬያችሁ ልበላ ነበር።»

ጨርቁን ፈታሁ። ዳቦው ገና ለብ ያለ ነበር። ቆረስኩና አጎረስኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡት፤ ሁለተኛ ልቆርስ ስል እጄን ያዙኝ።

«ይበቃኛል። የተፈቀደልኝ ይህችው ናት።»

እንምጣ፣ ሁሉንም ጠርቼ ላምጣቸው ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበሮቹን ለየባለቤታቸው እንድመልስላቸው ብቻ ጠየቁኝ።

«ጎረቤቶቹ ከጠየቁህ፣ ማኅበሩ ተበተነ በላቸው» አሉ።

አሥራ አንዱንም አመላለስኩ። ሁሉም ጠየቁኝ፤ ለሁሉም እንዳሉኝ ነገርኳቸው።