ለእህቴ መቅኔ ልሰጥ ካርቱም ሄጄ

ከጎንደር የተነሣሁት ማለዳ ነው። የታላቅ እህቴ የአስካለ መቅኔ ደም መሥራት እያቃተው መሆኑን ልጇ ሰልማ ደውላ ነግራኝ ነበር። ወንድም ለእህቱ መቅኔ ሊሰጥ እንደሚችል ሰምቼ ስለነበር ሌላ ነገር አላሰብኩም። አስካለ በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰዳ እዚያው አግብታ ወልዳ የቀረች ናት።

መተማን በአውቶቡስ ተሻግረን በገዳሪፍ በኩል ሄድን። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ የማሽላው ራስ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ አገዳው ብቻ ቆሟል። ዋድ መዳኒ ላይ ፉል በላን። ዳቦ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ዋጋውም በየሳምንቱ እንደሚጨምር አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ነገረኝ።

ካርቱም

ሰልማ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው መናኸሪያ ተቀበለችኝ። አባቷ ሱዳናዊ ስለነበር አማርኛዋ ከዐረብኛ ጋር የተቀላቀለ ነው።

«ኻሊ፣ ደከመህ? ያላ፣ መኪናው ሊሞላ ነው።» ኻሊ አጎቴ፣ ያላ እንሂድ ማለቷ ነው።

የሱዳን መንግሥት ከወደቀ ወራት ቢያልፉም ለተቃውሞ የወጡት ወጣቶች ገና ከመንገድ አልተመለሱም። ሹፌሩ ጡብና ጎማ የተከመረበትን መንገድ እየዞረ ወደ ሶባ ሆስፒታል ወሰደን። በየግድግዳው በተቃውሞው የተገደሉት ልጆች ፊት ተሥሏል። ሰልማ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ወጣት አሳየችኝ።

«አብረን ነው የተማርነው» አለች።

ሶባ

አስካለን ሳያት ትንሽ ሰው ሆናለች። ከንፈሯ ነጥቷል። እጄን ይዛ የአገር ቤት ሰዎችን ደኅንነት ስትጠይቀኝ በየመሐሉ ታርፋለች።

ሐኪሟ ሴት ናት፤ ሰልማ አስተረጎመችልን። «ደም የሚሠሩት መቅኔ ውስጥ ያሉ እናት ሴሎች ናቸው፤ ስቴም ሴል ይባላሉ። ራሳቸውን እየተኩ ዕድሜ ልክ ይሠራሉ። ግን እነሱም ያረጃሉ። ሲባዙ ስሕተት እያጠራቀሙ ይሄዳሉ፤ የተበላሹት የጤነኞቹን ቦታ ይይዛሉ። የእሷ የሆነው እንዲህ ነው።»

«የእኔን ውሰዱላት» አልኩ።

«ሕክምናው እዚህ የለም። ካይሮ ብትወስዳትም ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠውን ከባድ መድኃኒት ልቧ አይችለውም።» ቀጥላ የተናገረችውን ሰልማ ወዲያው አልተረጎመችልኝም። ስጠይቃት አቀርቅራ፣ «በዚህ ዕድሜህ ያንተም መቅኔ አርጅቷል አለች፣ ኻሊ» አለችኝ።

ደም ግን መስጠት እችል ነበር። ሰጠሁ። የሰልማ ጓደኞችም መጥተው ሰጡ።

ኦምዱርማን

ከጥቂት ቀን በኋላ የአስካለ ከንፈር ቀላ፤ ገበያ ውሰዱኝ አለች። ወደ ኦምዱርማን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንደርስ መስኮቱን አስከፍታ ዓባይን አየች።

«እታለም፣ አገርሽ ልውሰድሽ» አልኳት።

«ሰልማን ለማን ትቼ? ደሙ ሲያልቅ እንደገና እደክማለሁ፤ አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን በእግሬ ልሂድ፣ አትደግፈኝ።»

ሳልደግፋት ከኋላዋ ሄድኩ። ሰልማ ስታገባ የምትለብሰውን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ልብስ፣ አስካለ ራሷ መርጣ፣ ከነጋዴው ጋር በዐረብኛ ተከራክራ ገዛች።

ጎንደር

ስገባ ዝናብ ነበር። ባለቤቴ ሻንጣዬን ተቀብላ፣ «መቅኔውን ሰጠሃት?» አለችኝ። አልሆነም አልኳት።

ክረምቱ ሳይወጣ ሰልማ ደወለች። «ኻሊ፣ እማማ...» ብላ የምትጨርስበት ቃል በሁለቱም ቋንቋ አጣች። ለባለቤቴ አስካለ ማረፏን ነገርኳት።

እርጅናን ሽበትና የጉልበት ሕመም አድርጌ ነበር የማስበው። አጥንት ውስጥ ገብቶ፣ እኛን ያድስ የነበረውን ራሱን እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ለእህቴ ዕድሜ ይዤላት የምሄድ መስሎኝ ከቤቴ ወጣሁ፤ የሰጠኋት ጥቂት ቀን ነው። እሷ ግን በእግሯ ሄደችበት።