ምናለ ያነሳው ድንጋይ

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ የእህቴን ልጅ እዚሁ እንጅባራ ዳርን። ጠዋት ውርጩ ድንኳኑን አንጥቶት ነበር፤ ረፈድ ሲል ፀሐይ ወጣችና ሰዉ ጋቢውን እያወለቀ መጫወት ጀመረ። ሙሽራው ሊገባ ሲል ከሚዜዎቹ አንዷ ስልኳን እጄ ላይ አድርጋ «ጋሼ፣ እርስዎ ረጅም ነዎት፤ ከላይ ሆነው ይቅረጹልን» አለችኝ። ስልኩ መቅረጽ ጀምሯል። አጠገቤ ለቆመው ሰው አቀበልኩትና በድንኳኑ ጓሮ ወጣሁ። እህቴ ተከትላኝ መጣች።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«ጭሱ ነው» አልኳት። ወጥ ሠሪዎቹ እርጥብ እንጨት ይማግዱ ስለነበር አመነችኝ።

ዛሬ እዚህ ከተማ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በቀርከሃ ወንበርና አልጋ ነው። መንገድ ዳር አሠርቼ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት እንጀራዬ ካሜራ እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው፤ ለምን እንደተውኩት ደግሞ እዚህ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ አልሆን ብሎኝ ዳንግላ ከተማ ጋሽ ደምለው የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ቆይቻለሁ። ጋሽ ደምለው ያን ጊዜ አንድ የቪዲዮ ካሜራ አስመጥተው ነበር፤ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ ትልቁን ካሴት የሚውጥ፣ ከባድ ዕቃ። እሳቸው ወገባቸውን ያማቸው ስለነበር ሠርግ ሲመጣ የምሄደው እኔ ሆንኩ። ካሜራ የተሸከመ ጎረምሳ በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደሚታይ አሁን ለማስረዳት ይቸግረኛል። ሽማግሌው መንገድ ይለቅልሃል፣ ልጃገረዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ወጥ ሲወጣ መጀመሪያ ለአንተ ነው። እኔም ራሴን እንደ ትልቅ ሰው መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ጋሽ ደምለው ሥራውን ሲያሳዩኝ ደጋግመው የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነበር። «አትቸኩል ይርጋ። ሰውየው ዳቦ ሲቆርስ ማንሳት ከጀመርክ ቆርሶ እስኪሰጥ ጠብቀው። መሀል ላይ ትተኸው ወደ ሌላ አትሂድ። ያለዚያ ያየኸውን ነገር ሌላ ሰው አያየውም።» እሺ እል ነበር። ልቤ ግን ሁልጊዜ ቀጥሎ ወዳለው ነገር ነው የሚሮጠው።

ምናለ ጓደኛዬ ነበር። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። አገሩ ጥርባ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ታደሰ ዳንግላ እንጨት ሥራ ስለነበረው ከእሱ ጋር በኪራይ ቤት እየኖረ ይማር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ወደ እናቱ ሄዶ ሲመለስ ድንች በከረጢት ይዞ ይመጣል፤ ከነልጣጩ ቀቅለን፣ በዳጣ እያጠቀስን፣ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። ከቤተ ዘመዱ ጋር በአዊኛ ሲያወራ ድምፁ ሌላ ይሆናል፣ ይፈጥናል፣ ይስቃል። በአማርኛ ግን ዝግ ያለ ሰው ነው። እኔ ትምህርቱን ብተወውም እሱ ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛ ደርሶ ነበር። ሒሳብ ላይ የሚያህለው አልነበረም፤ መምህሩ ራሱ ሰሌዳ ላይ ሲጠፋበት ወደ ምናለ ዞር ይል እንደነበር ልጆቹ ይነግሩኛል። ያ ግንቦት መልቀቂያ ፈተናው የሚደርስበት ወር ነበር፤ የታደሰም ሠርግ በዚያው ወር ሆነ።

ሠርጉ እሑድ ነበር። ዓርብ ዕለት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተወሰኑ ተማሪዎች ታስረው ነበር። ቅዳሜ ወላጆች ሄደው ለመኑ፤ አልተለቀቁም። ከተማው ውስጥ አንድ የተወጠረ ነገር እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን በሬው ታርዷል፣ ጠላው ፈልቷል፣ ዘመድ ከጥርባ ተጭኖ መጥቷል። ስለ ረብሻ ሲወራ ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ የሚጮህ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ሙሽራዋ ቤት ቁጭ ብለን በላን፣ ጠጣን፣ ሽማግሌዎች መረቁ፣ እኔም አነሳሁ። በሌሊት የዘነበው ዝናብ ግቢውን አረስርሶት የባሕር ዛፉ ሽታ እስከ ዳስ ውስጥ ይገባ ነበር።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት አካባቢ ሙሽሮቹ በአንድ ላንድክሩዘር፣ አጃቢው በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ጥርባ ተነሳን። እኔ አይሱዙው ላይ፣ ከጋቢናው ኋላ ቆሜ እቀርጻለሁ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወዲያ ማዶ ጎማ ይቃጠላል። የታሰሩት ይፈቱ የሚለው ሰው ብዛቱ ያስፈራ ነበር፤ ግማሹን በስም አውቀዋለሁ።

ምናለ ከጎኔ ነበር፣ ሱፉን ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ አድርጎ። ሊወርድ እግሩን ሲያነሳ አጎቱ ክንዱን ያዙትና በአዊኛ የሆነ ነገር አሉት። እሱም በአዊኛ መለሰላቸው። ወደ እኔ ዞሮ «አትውረድ ነው የሚሉኝ» አለኝ። «ሙሽራ እስከ ማታ መንገድ ላይ ትዋል? ልጆቹ እኮ ያውቁኛል።»

ወረደ። ሄዶ ሲያነጋግራቸው አየሁ። ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ፈቀዱለት ማለት ነው። ጎንበስ አለና በሁለት እጁ አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሳ።

ይህን ሁሉ ቀርጬዋለሁ። ካሜራው ፊቱን፣ አበባውን፣ ድንጋዩን ጥርት አድርጎ ይዞታል። በዚያች ቅጽበት ከግራ በኩል ጩኸት ተነሳ፤ ሕዝቡ መንገዱን ትቶ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሮጠ። እኔም ካሜራዬን ወደዚያ አዞርኩ። ወዲያው የመሥሪያ ቤቱ መስኮት ረገፈ። መስኮቱ ሥር የነበሩት ዘበኛ ፊታቸውን በእጃቸው ይዘው ሲቀመጡ፣ ደሙ በጣታቸው መሀል ሲወርድ፣ አንድም ሳይቀር ቀረጽኩ። ዘበኛውን አውቃቸው ነበር፤ ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሱ እኛ ጋ ሲመጡ ጢማቸውን በውኃ የሚያርሱ ደግ ሽማግሌ ነበሩ።

ካሜራ የሚይዝ ሰው በአንድ ዓይኑ ነው የሚያነሳው፤ ሌላው ክፍት ነው። በክፍቱ ዓይኔ ምናለን አይቼዋለሁ። ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ መንገዱ ዳር ሄደ፣ ቦይ ውስጥ ጣለው፣ ተመልሶ ሌላ አነሳ። ያንንም ጣለው። አምስት ስድስት ጊዜ ተመላልሶ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ከፈተ። ከዚያ አይሱዙው ላይ ዘሎ ወጣና ጭቃውን በሱሪው ጠረገ። ተኩስ የሰማነው ከተማውን ለቀን ስንወጣ ነው። ጥርባ ደርሰን እስኪመሽ ተጨፈረ፤ የምናለ እናት ልጄ መንገድ ከፈተ እያሉ ግንባሩን ሳሙት።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደምለው ካሴቱን አዩት።  የዚያን ዕለት ለዕቃ ወደ ባሕር ዳር ይሄዱ ነበር፤ ቦርሳቸውን አንስተው «መኪና ከወጣችሁበት ጀምሮ ያለውን ደምስሰው» አሉኝ። «በላዩ ግድግዳ ቅረጽበትና ይጥፋ። ሳልመለስ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

አልደመሰስኩትም። ክፋት አልነበረም፤ ቢሆን ይሻል ነበር። ያነሳሁት ነገር አምሮ ታየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አንስቼ አላውቅም ነበርና ሰው እንዲያይልኝ ፈለግኩ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጓደኞቼን ጠራሁ፣ እነሱ ሌሎችን ጠሩ፣ ሱቁ ሞላ። መስኮቱን የሰበሩት ልጆች ራሳቸው መጡ። በካሴቱ ላይ ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየው። «ይኼ ጀርባ የኔ ነው» እያሉ ሲሳሳቁ፣ «መልሰው፣ መልሰው» ሲሉኝ፣ እኔም ሳዞርላቸው ዋልኩ።

ማክሰኞ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ።

«ይርጋ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ቀራጭ ነህ አሉ። እኛም ብናየው ብለን ነው።»

ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አልጮሁብኝም። አብረን እስከ አንድ ቢሮ ሄድን፣ ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ አስመጡልኝ። ካሴቱን ከፍተው ምናለ ድንጋዩን ደረቱ ላይ እንደያዘ አቆሙት።

«ይኼ ማነው?» አለኝ መነጽር ያደረገው።

«ምናለ ይባላል። የሙሽራው ወንድም ነው።»

«ምን ይዟል?»

«ድንጋይ።»

ካሴቱን ለቀቀው። ምስሉ ወደ ግራ ዞረና መስታወቱ ረገፈ፣ ሽማግሌው ፊታቸውን ያዙ። ያኔ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ሲያየው ድንጋዩ ከምናለ እጅ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ያረፈ ይመስላል።

«ድንጋዩን የት አደረሰው?»

መንገድ እየጠረገ ነበር የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታየኝ፤ እሱ ካልወረወረ ማን ወረወረ? የወረወሩትን አውቃለሁ። ብናገር ነገ መንገድ ላይ ይጠብቁኛል፤ አላውቅም ብል ሰዎቹ ወንበሩን ወስደው መምታት ይጀምራሉ ብዬ ፈራሁ።

«አላየሁም» አልኩ። «ካሜራዬ ወደ ሌላ ዞሮ ነበር።»

«እሱንማ እኛም እያየነው ነው» አለና ለጓደኛው «ጻፍ» አለው። ከሥር ፈረምኩ።

ምናለን የያዙት ደብተሩን ዘርግቶ ሲያጠና ነው። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸው ጠፋ፤ ለዚያ ዓይን ተጠያቂው እሱ ሆነ። ሳይፈተን ቀረ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። እናቱ ከጥርባ ስንቅ ተሸክመው በሳምንት በሳምንት በፎቶ ቤታችን በር ያልፋሉ፤ እኔ ሲያልፉ ፊልም ወደምናጥብበት ጨለማ ክፍል እገባለሁ።

ታደሰ አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጣ። ሙሽርነቱ ከፊቱ ጠፍቷል።

«ካሴቱን በግድ ነው የወሰዱባችሁ፣ አይደል?» አለ፣ እኔን እያየ።

«በግድ ነው» አሉ ጋሽ ደምለው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። ሲወጣ በሩን ዘጉና ካሜራውን ከትከሻ ማንገቻው ፈትተው ሣጥኑ ውስጥ ከተቱት። «እንዲህ ያልኩት እናቱን አስቤ ነው እንጂ ለአንተ ብዬ አይደለም። ሁለተኛ ይህን ዕቃ እንዳትነካ» አሉኝ። በወሩ ከተማውን ለቅቄ እህቴ ዘንድ እንጅባራ መጣሁ። ወሬው ግን ኋላዬ አደገ። በግድ ወሰዱት የሚለው፣ አልሰጥም ሲል መቱት ሆነ፤ ይርጋን ሌሊቱን ሙሉ ሲቀጠቅጡት አደሩ እስከ መባል ደረሰ። እኔም ዝም አልኩ።

ከስንት ዓመት በኋላ ቀርከሃ ላደርስ ጫግኒ ወረድኩ። ሙቀቱ ያፍናል፣ እህል የጫኑ መኪኖች አቧራውን ያነሱታል። የያዝኩት ባጃጅ ሹፌር በመስታወቱ ሲያየኝ ቆየና ዳር ይዞ አቆመ።

«ይርጋ አይደለህም?»

ምናለ ነበር። ጸጉሩ ቀድሞኝ ሸብቷል። አቅፎኝ ብዙ ቆየ። ቤቱ ወሰደኝ፤ ሚስቱ ምሳ አቀረበች፣ ትንሿ ሴት ልጁ እጄን አስታጠበችኝ። ስንበላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«እዚያ ሆኜ ሲከፋኝ አንተን ነበር የማስበው። አንድ ሰው እውነቱን ያውቃል፣ ለእውነቱም ሲል ተመቷል እል ነበር። አበርትቶኛል እሱ ነገር።» ከዚያ ጠየቀኝ። «በጣም መቱህ?»

የዚያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አልነበረም። የሚጠብቀኝ ጎረምሳ፣ የሚጽፍብኝ ሰውም አልነበረም።

«ትንሽ ነው» አልኩት።

ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ይደውላል። ባለፈው ሳምንት የደወለው ግን በዓል ሆኖ አይደለም። ያቺ እጄን ያስታጠበችኝ ልጅ አድጋ ዩኒቨርሲቲ እዚህ እንጅባራ ደርሷታል፤ እስክትለምድ እኛ ጋ እንድትቀመጥ ሊለምነኝ ነው። «ከአንተ ሌላ ለማን እሰጣታለሁ» አለኝ። ባለቤቴ ደስ ብሏት ጓዳውን ስታጸዳ ሰነበተች፤ እሷም የምታውቀው የተመታሁበትን ታሪክ ነው።

ስለዚያ ዘመን ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ እሰማለሁ፤ ማን ወረወረ፣ ማን ተኮሰ፣ ማን ሮጠ። እኔ ያደረግኩት ሁሉም ነገር ጸጥ ካለ በኋላ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ በማንም ወሬ ውስጥ አልገባም።

ልጅቷ አባቷ ስልኩን ሲሰጣት እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ አባቴ ስለዚያ ቀን ሲጀምር ያለቅስና ይተወዋል። ይርጋን ጠይቂው ይለኛል። ስመጣ ይነግሩኛል?»

«ነይ ብቻ፣ እናወራለን» አልኳት።

ሐሙስ ትመጣለች። የምነግራትን ሳስብ ሰነበትኩ፤ ቢነገር አጭር ነው። አባትሽ ድንጋዩን ቦይ ውስጥ ነው የጣለው። አይቻለሁ። ሲጠይቁኝ አላየሁም አልኩ። ማንም አልነካኝም።