ለትርንጎ ስል የሞትኩ ቀን

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኡስታ ኢድሪስ የሰጡኝ ዕቃ አንድ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና በጠርሙስ ክዳን የተቀዳ ቤንዚን ነበር። «ጥርስህን ሳይሆን ይሄን ቦርድ ፋቅ» አሉኝ። ውሃ የገባበት ስልክ ነው። ፋቅሁት፣ በፀሐይ አደረቅሁት፣ በራ። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ «ከገዳሪፍ እስከ ከሰላ የሚስተካከለኝ ጠጋኝ የለም» እያልኩ ነው። እስካሁን የመጣ የለም፤ መንገዱ ሩቅ ሆኖባቸው ይሆናል።

ኡስታ ኢድሪስ የመተማ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነው ነው ወደ ሱዳን የተሻገሩት። ሱቃቸው ከሰሊጥ ነጋዴዎቹ ጎን ናት፤ ሁለታችን ከገባንባት ሦስተኛው ሰው ውጭ ይቀራል። ለሱ ነው በር ላይ አግዳሚ ያስቀመጥነው። እኔና ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያይተናል። ፊደል ግን እለያለሁ። ለስልክ ይበቃል።

በኛ ሙያ መጀመሪያ ሰቢ ነህ። ሻይ ታመጣለህ፣ ብሎን ትፈታለህ፣ የወደቀ ብሎን መሬት ለመሬት ትፈልጋለህ። ቀጥሎ ካውያ፣ የሚግለውን የብየዳ ብረት፣ ያስይዙሃል፤ ያን ጊዜ እርሳስ አቅልጠህ የቻርጀር ማስገቢያ ትቀይራለህ። መጨረሻ ላይ ኡስታ ትባላለህ። እኔ ካውያ የያዝኩት ከእኩዮቼ ቀድሜ ነው። ኡስታ «ስለጨቀጨቀኝ ነው» ይላሉ። አትስሟቸው።

ሁለት ልማድ ነበረን። አንደኛው ፕላስተር ነው። ስልክ ስንቀበል ጀርባው ላይ ነጭ ፕላስተር እንለጥፍና ስም፣ ቁጥር፣ የስልኩን መክፈቻ እንጽፍበታለን። ከዚያ ባንኮው ላይ ባለ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። ሁሉም ሱቅ እንዲህ ነው የሚሠራው። ማን አይቶ ምን ሊያደርገው?

ሁለተኛው የኡስታ የራሳቸው ፈጠራ ነው። ስፒከር ስንቀይር በዘፈን አንፈትሽም፤ የባለቤቱን የድምፅ መልእክት ከፍተን እስከ ጥግ እናስጮኸዋለን። «ሰው የራሱን ሰው ድምፅ ሲሰማ ነው ስልኩ መዳኑን የሚያምነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በኛ አገር ሰው መች ይጽፋል? ከስደተኛ ካምፑም፣ ከእርሻውም፣ ከወርቅ ቁፋሮውም የሚላከው ድምፅ ነው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሚፈላለገው። የሱቁ መደዳ ሁሉ የደንበኛውን ጉዳይ ከኛ ሱቅ ይሰማል። «ያ ማስረሻ! የሰውየው ሚስት ታረቀች እንዴ?» ብለው ከማዶ ይጮኹብኛል። «ገና ናት፣ እናቷ እምቢ ብላለች» እላለሁ። እንዲህ ነበርን።

አንድ ቀን ሙስጠፋ፣ የጎረቤት ሱቅ ልጅ፣ እየሳቀ መጣ። ኤአይ የሚሉትን ነገር ስልኩ ላይ ጭኗል። ከፈተው። የኡስታ ኢድሪስ ድምፅ ወጣ፦ «ማስረሻ ዛሬ እረፍት ነው። ሂድና ተኛ።» እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ኡስታ ግን አልሳቁም።

«የኔን ድምፅ ማን ሰጠህ?»

«ራስዎ ኡስታ። ‹ቻርጀሩን መልስ› ብለው ልከውልኝ ነበር።»

«በሷ ብቻ?»

«ትበቃለች። ከዚያ የፈለግኩትን እጽፋለሁ፣ እሱ በእርስዎ ድምፅ ያነበዋል።»

የሰሊጥ ነጋዴው ሐጅ ዑስማን በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ስማ» አሉ፣ «እኔ የምነግደው በድምፅ ነው። ‹ጫን› ካልኩ መጋዘኑ ይከፈታል፣ መኪናው ይጫናል። ነገ እኔ ሳልሆን ‹ጫን› ቢባልስ?» እኔ «ያን ቀን እኔ ነኝ የምሸጠው ሐጅ» ብዬ አሳቅሁና ነገሩ አለፈ።

አላለፈም።

እማ የሺ ዳኩዋ ሻጭ ናት፤ ለውዝ ቆልታ ፈጭታ በጣሳ ትሸጣለች። ልጇ አበጀ ጓደኛዬ ነው። ካምፕ ውስጥ አንድ ምንጣፍ ላይ ነው ያደግነው፣ ከእጇ በልቻለሁ። አበጀ ወርቅ ሊቆፍር ወደ ሰሜን ሄደና አልፎ አልፎ ድምፅ ይልክ ነበር። ከዚያ ኔትዎርኩም እሱም ጠፉ። እማ የሺ ሌላ ሥራ አልነበራትም፦ ዳኩዋ መሸጥና «መጣ ወይ?» ብሎ ስልክ ማሳየት።

አንድ ጠዋት ገና ሱቁን ሳንጠርግ እልል እያለች መጣች። ከኋላዋ ልጇ ትርንጎ ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጥቅል ልብስ ይዛለች፣ አዲስ ነጠላ ለብሳለች።

«ማስሬ! ልጄ ተገኘ! ክፈተው፣ በትልቁ ክፈተው፣ ሰው ይስማልኝ!»

ከፈትኩት። ቁጥሩ አዲስ ነው፣ ድምፁ ግን የአበጀ ነው፦ «እማ፣ እኔ ነኝ አበጀ። ከሰላ ገብቻለሁ። ለትርንጎ ጥሩ ሥራ አግኝቼላታለሁ። ዛሬውኑ በባስ ላኪያት። ከሰላ ሳትደርስ ሾዋክ ላይ ትውረድ፣ አንድ ወዳጄ ይቀበላታል። ስልኬ ተበላሽቷል፣ ሲደወል አይሠራም፣ በድምፅ ብቻ ላኪልኝ።»

መደዳው እልል አለ። የከሰላው ባስ ሹፌር ጀማል አግዳሚው ላይ ስልኩን ይጠብቅ ነበር። «መብሩክ ያ ሐጃ! እኔው ነኝ የምወስዳት፣ ፊት ወንበር አስቀምጣታለሁ» አለ።

እኔ ደግሜ ከፈትኩት። ሦስተኛም ከፈትኩት።

እኛ ማይክ ስንፈትሽ ከንግግሩ ኋላ ያለውን ነው የምንሰማው። ሹክሹክታ አለው ወይ፣ ያፏጫል ወይ፣ ነፋስ ያስገባል ወይ። የአበጀን መልእክት ሁሉ እኔ ነኝ ለእናቱ የከፈትኩላት። ከኋላው ጄኔሬተር የሌለበት የለም። ውሻ አለ፣ ነፋስ አለ፣ «ውሃ አምጣ» የሚል ሰው አለ። ደግሞ አበጀ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አያወራም። ይሄኛው እንደታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ነው።

«እማ የሺ፣ ይሄ አበጀ አይመስለኝም» አልኳት።

እልልታው ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ሙስጠፋ ያሳየን ነገር አለ። በሰው ድምፅ የሚያወራ። ማሽን ነው።»

«በማህፀኔ የተሸከምኩትን ልጅ ድምፅ አንተ ነህ የምትነግረኝ? ያንተ ሥራ ብሎን መፍታት ነው!»

ትርንጎም ተነሳችብኝ። «ቀንተህ ነው! ዕድሜ ልኬን ለውዝ ስፈጭ ልኑርልህ?»

«ትርንጎ፣ እኔ ...»

«ወላሂ እሄዳለሁ! ወንድሜ ነው የጠራኝ!»

ጀማል ሰዓቱን አየ። «ያ ጀማዓ፣ ጭነት ከሞላ እነሳለሁ። የኬላው ፖሊስ፣ ሹርጣው፣ ከረፈደ አያሳልፈኝም።»

ኡስታ ኢድሪስ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሺ፣ ልጅሽ ከሆነ ምን ቸገረሽ? አንድ ነገር ጠይቂው።»

«ልጄን ልፈትን? ስንት ወር የጠፋ ልጄን?»

«ቢጠየቅስ ምን ይጠየቃል?» አልኩ እኔ። «የአባቱን ስም፣ የካምፑን ስም፣ የእህቱን ስም፣ ሁሉንም በድምፅ ሲላላኩ ብለውታል። ይሄን የሰማ ሰው ሁሉን ያውቃል።»

ከባስ ተራው ጥሩምባ ተነፋ፤ የጀማል ረዳት ነው። ትርንጎ ጥቅሏን አንስታ አንድ እርምጃ ሄደች። እኔ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«እኔን ግደሉኝ።»

«ምን?»

«‹ማስረሻ ሞተ› በይው፣ እማ የሺ።»

ይሄ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው አገራችንን አያውቅም። በኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ተቀምጦ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ያውም በቁም ያለን ሰው? እማ የሺ እንትፍ እንትፍ አለች። «ከአፍህ ይውጣ! ሟርተኛ!» ኡስታ «አስተግፊሩላህ» አሉ።

«ከትርንጎ እኔ ልሙት» አልኳት። «እኔ እንደሁ ሞቼም ዝም አልልም፣ ታውቂኛለሽ። አበጀ ግን ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚሆን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። አትባራ ወንዝ አንድ ጓደኛችንን የወሰደው ጊዜ አበጀ ሸሚዙን ቀዶ፣ መሬት ላይ ተንከባሎ፣ ለአራት ሰው አልያዝ ብሎ ነበር። ሲያጽናናው የነበረው ሰው ሁሉ ቆስሎ ነው የገባው።

እማ የሺ መሬት ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አበጀ ... ልጄ ... ማስረሻ አረፈ። ማስሬ፣ ወንድምህ። ትናንት ቀበርነው።»

ከዚያ አለቀሰች። የውነት ነው ያለቀሰችው። እኔ ፊቷ ቆሜ አለሁ፣ እሷ ታለቅስልኛለች። በዕድሜዬ ቃል ያጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መልእክቱ ሄደ። መሰማቱን ስልኩ አሳየ። ጀማል ተነስቶ ነበር፣ ግን አልሄደም። ጥሩምባው ድጋሚ ተነፋ። ትርንጎ ጥቅሏን በሁለት እጇ ይዛ ስልኩን ታያለች።

መልሱ መጣ። ከፈትኩት።

«እግዜር ነፍሱን ይማር እማ። ትርንጎ ተነሳች ወይ? ሰውየው እየጠበቀ ነው።»

የአበጀ ድምፅ ነው። ለስላሳ፣ ንጹህ። ወይኔ የለም። ምን ነካው የለም። ማን ቀበረው የለም።

ትርንጎ ጥቅሏን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና እናቷ ጎን ተቀመጠች።

«ለኔ ሞት አንዲት መስመር?» አልኩ። የሚያስቅ መስሎኝ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀ፣ እኔም አልሳቅሁ።

እማ የሺ ስልኩን ባንኮው ላይ አኖረችው። «ይሄ ልጄ አይደለም» አለች። «ታዲያ ልጄ የት ነው?»



ጀማል ያለ ትርንጎ ሄደ። ሲመለስ በቀጥታ ሱቃችን መጣ። ሾዋክ ላይ አንድ ሰው ባሱን ዙሪያውን እየዞረ በየመስኮቱ «ትርንጎ የምትባል አለች?» ሲል ነበር። ቦክሲው፣ ፒክአፕ መኪናው፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል፤ ውስጡ ሌሎች ሁለት አሉ። «አልመጣችም» ሲለው ሰውየው ተሳድቦ ሄደ።

«ምን ዓይነት ሰው?» አሉ ኡስታ።

«አረንጓዴ ኮፍያ። የቻርጀር ገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ።»

እኔና ኡስታ አግዳሚውን አየነው። አረንጓዴ ኮፍያ ያለው፣ ገመድ አንገቱ ላይ ያደረገ ሰው እዚያ ሲቀመጥ ሰንብቷል። «ባትሪዬ አይዝም» ይላል፣ ስልኩን ከኛ ሶኬት ይሰካል፣ ሻይ ይጠጣል። እኔ «ልቀይርልህ» ስለው «ቡክራ» ይለኛል፣ ነገ ማለቱ ነው። የእማ የሺን ስፒከር የቀየርነው በዚያው ሰሞን ነው። የአበጀን መልእክቶች አንድ በአንድ አስጩኸናል። ስሟና ቁጥሯ በፕላስተር ተጽፎ ካርቶኑ ላይ ተጋድሟል። ሰውየው የሰረቀን ነገር የለም። ያልሰጠነው አልነበረም።

ኡስታ ፖሊስ ጣቢያ ይዘውኝ ሄዱ። መኮንኑ «ምን ተሰረቀ?» አለ።

«የጓደኛዬ ድምፅ» አልኩት።

«ልጁ አሁን ድምፅ የለውም?»

«ይኖረዋል፤ የት እንዳለ ግን አናውቅም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ኡስታ ስለ ትርንጎና ስለ ቦክሲው ሲነግሩት ግን መልሶ አነሳው። «ሰውየውን ካያችሁ አትንኩት፣ ጥሩኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። አግዳሚው ላይ አዲስ ሰው ሲቀመጥ አሁንም አንገቱን አያለሁ።

በማግስቱ ኡስታ ፕላስተሩን ሁሉ ልጠው በጣሳ አቃጠሉት። አሁን ስልኩን ባለቤቱ ራሱ ይከፍታል፣ ሠርተን እስክንጨርስ ይቆማል። ማደር ያለበት ስልክ ተቆልፎ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። መደዳው ሳቀብን፤ «ገዳሪፍ ላይ ሚስጥር ተገኘ!» አሉ። አንዳንድ ደንበኛም «እነዚህ ድምፅ ይሰርቃሉ» ብሎ ሸሸን። ሐጅ ዑስማን ግን የመጋዘን ሰዎቻቸውን «ፊቴን ሳታዩ አንድ ጆንያ እንዳትጭኑ» ብለው አዘዙ።

የኔ ሞት ግን በመደዳው አልቀረም። ገበያ ላይ የተወራ ወሬ ካምፕ ይገባል፣ ከካምፕ በመኪና ሰሜን ይደርሳል። አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«የማስረሻ ስልክ ነው? ማን ልበል?»

«ማስረሻ ነኝ።»

ከኋላው ጄኔሬተር ያጓራል። ውሻ ይጮኻል። ሰው በዐረብኛ ይሳደባል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተ ውሻ!» ብሎ አለቀሰ። «ሞተሃል ብለውኝ ፀጉሬን ተላጨሁልህ! ሦስት ቀን መሬት ተቀመጥኩልህ! ሥራ ፈታሁ! የት ነህ? እናቴስ?»

ካውያውን ከሶኬት ሳልነቅል ሮጥኩ። በሰሊጥ መጋዘኑ አልፌ፣ በረክሻው፣ በባጃጁ መሀል ተሻግሬ እማ የሺ ጋ ደረስኩ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አላደረግሁትም። እጇ ላይ አኖርኩና ጀርባዬን ሰጠኋት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም።

አሁን ስፒከር የምፈትሽበት የራሴ ቅጂ አለኝ፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ማስረሻ ነኝ፤ ከገዳሪፍ እስከ ከሰላ የሚስተካከለኝ የለም።» ሌባ ከወሰደው ይውሰደው።

ካውያ ለምትይዙ ልጆች የምለው ይሄን ነው፦ ስፒከር በደንበኛው ዘመድ ድምፅ አይፈተሽም።