ኔስታ የቀነጠበችው ካሜሊያ

ሐኪም ቤቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የግቢውን ሣር እንደ ምልምል ወታደር ራስ ሲያስላጭ ኖሮ፣ ዘንድሮ ድንገት «የዕፅዋት ማዕከል እንሁን» አለ። ይሁን፣ ማን ጠላ! ግን ጉልበቱ አፈር ነክቶ የማያውቅ ኮሚቴ የመጀመሪያ ሥራው መንቀል ሆነ፤ ከየት እንደመጣ ያልተመዘገበ ተክል ሁሉ ዓርብ ይነቀላል።

የግቢው አትክልተኛ ኔስታ ፑ ከሰኞ ጀምሮ እግሯ አላረፈም። ከካንሰር ክፍሉ መስኮት ሥር ያለውን፣ ካሜሊያ የተባለውን የአበባ ተክል ያሳደገችው እሷ ናት። መድኃኒቱ በክንዳቸው ጠብ ጠብ እያለ የሚቀመጡት ሰዎች በየካቲት ሌላ የሚያዩት አበባ የላቸውም። ችግሩ፣ ካሜሊያው የመጣው እንደ ብዙ የዌልስ ሴቶች ተክል ነው፤ እሑድ በአውቶቡስ የባላባት ግቢ ጉብኝት፣ ቦርሳ ውስጥ እርጥብ መሐረብ፣ ዘበኛው ዞር ሲል አንዲት ቅርንጫፍ ቀንጠብ፣ ወስዶ መትከል። ይህን ሌብነት ብሎ የጠራው ሰው የለም። በጽሑፍ ያሰፈረውም የለም።

«የእናቴ ነው በይዋ፤ ማን ይመረምርሻል?» አለቻት እኅቷ ማይር።

ሐሙስ ጠዋት የኮሚቴው መዝጋቢ ሃይደን ደብተሩን ይዞ መጣ።

«እሺ ኔስታ፣ ይኼኛው ከየት ነው?»

«ከእናቴ ጓሮ።»

«እናትሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይደል እንዴ የኖሩት? ጎረቤታችሁ ነበርኩ እኮ!»

ኔስታ መቀሷን ኪሷ ከተተች፣ አወጣች፣ መልሳ ከተተች። የአክስቴ ብትል ያልፍላት ነበር። ግን ውሸት የሞላው ደብተር ለማን ይረባል?

«ሰርቄው ነው! ከኮረብታው ባላባት ቤት፣ ከሰሜኑ አጥር ሥር፣ በሐምሌ። ዘበኛው አይስክሬም ይልስ ነበር። በቃህ?»

ሃይደን ሳቁን ዋጠ። «ዓመቱስ?»

«ማይር ያገባችበት ዓመት።»

«ከኮሚቴው ሊቀመንበር ትሻያለሽ፤ እሱ ስለ ጽጌረዳዎቹ ያለኝ ‹ከሱቅ› ብቻ ነው።» ጻፈ። «አይነቀልም። ግን ለባለቤቶቹ ደብዳቤ መላክ አለብኝ። መልሱልን ሊሉ ይችላሉ።»

«ስሜ ይገባል?»

«‹ተክሉን ያመጣው› የሚል ቦታ አለ። ባዶ ልተወው?»

«ምን ሲደረግ! ኔስታ ፑ ብለህ ጻፍ። የሚፈልጉት ከሆነ ይምጡና እነዚህ ሰዎች ፊት ይንቀሉት!»

ሃይደን ደብተሩን ሲያጥፍ ክንዱን ያዘችው።

«የት ትሄዳለህ? ገና እንዲህ የመጡ አሥራ ሦስት ተክሎች ይቀሩናል።»