ጀምበር ሳትጠልቅ

የልጄን የሽንት ጨርቅ ከገመድ ላይ ሳነሳ፣ የፀሐይና የሳሙና ሽታው ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ግቢ ይመልሰኛል።

እናቴ ያረጀ ነጠላዋን ቀድዳ ያዘጋጀችውን የትንሹን ወንድሜን ጨርቅ ሁልጊዜ ጀምበር ሳትጠልቅ ታስገባ ነበር። ጨርቁ ውጭ ካደረ ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል ትላለች።

ወንድሜ የተቀበረ ዕለት፣ ቤቱ በለቅሶተኛ እንደተሞላ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እናቴ ብድግ ብላ ወጣች። ጨርቆቹ ገመዱ ላይ እንደተሰጡ ነበሩ። አክስቴ ተከትላት፣ «ተይው እህቴ፣ ለማን ብለሽ ነው?» አለቻት።

እናቴ አንዱን ጨርቅ ጉንጯ ላይ አድርጋ መድረቁን እየለካች፣ «እሱ ውጭ ማደሩ አይበቃም?» አለች።

እኔ የሚመለስ መስሎኝ፣ ያጠፈችውን እየተቀበልኩ ትራሱ አጠገብ ደረደርኩለት።

ዛሬ ከልጄ ጨርቆች አንዱ ገና እርጥብ ነው። ቢሆንም አስገባዋለሁ።