ያኮረፈው ኮርድ

ባለፈው ወር የቀበርናቸው አጎቴ “ሜጀር” እና “ማይነር” የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ለእሳቸው ኮርድ፣ አንድ ላይ የሚመታው ሦስት ድምፅ፣ ወይ ታርቋል ወይ አኩርፏል። ስሙን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ!

ኪቦርድ ሊያስተምሩኝ በርጩማቸውን ስበው አጠገቤ የተቀመጡ ቀን፣ ሦስት ጣቶቼን ነጫጮቹ ቁልፎች ላይ አሳርፈው “በይ ተጫኚው” አሉኝ። የሚስቅ ድምፅ ወጣ። “አሁን መሃል ጣትሽን ብቻ በግራዋ ወዳለችው ጥቁር ቁልፍ ዝቅ አድርጊያት።” ዝቅ አደረግኋት። ኧረ ጉድ! ያው ኮርድ ፊቱን አዞረብኝ።

“ጋሼ፣ አኮረፈ እኮ!”

“ጋሪዳ!” ብለው ጭናቸውን መቱ። ሲደሰቱ የሚቀድማቸው ኦሮምኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰበታ ሚኒባስ ውስጥ ሬጌም ይከፈት ችክችካ፣ ጆሯቸውን ሰጥተው ያዳምጡና “አኮረፈ… አኮረፈ… ታረቀ!” ይላሉ ጮክ ብለው። ተሳፋሪው ዞሮ የተጣላውን ሰው ይፈልጋል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

ዓለም ገና ባለችው ቤተ ክርስቲያናችንም መዝሙር ባለቀ ቁጥር ከበርጩማቸው ሆነው “በይ አስታርቂው” ይሉኛል፤ በታረቀ ኮርድ እዘጋለሁ።

ከቀብሩ በኋላ መጀመሪያ በተጫወትኩበት ባለፈው እሁድ በርጩማው ባዶ ነበር። መዝሙሩ አለቀ፤ ጣቴ ግን ጥቁሯ ላይ ቀረች። ዘማሪዎቹ እኔን ይጠብቃሉ፤ እኔ የእሳቸውን ድምፅ እጠብቃለሁ።

ከኋላ እናቴ፣ ኮርድ ምን እንደሆነ የማታውቀው እህታቸው፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ጮኸች፦

“በይ አስታርቂው እንጂ!”

ጣቴን ወደ ነጯ መለስኳት። ታረቀ!