ከጓዳ የተሰቀለው ቅል

ልጄ በተወለደች በሃያ ሦስተኛው ቀን የምታጠብበት የፕላስቲክ ጆግ ተሰነጠቀብኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ባሌ ሽንኩርት ሊያስጭን ጀውሃ ሄዷል፤ አማቴ ማልደው ለቅሶ ወጥተዋል። እኔ ደግሞ ከደጋ ወደዚህ ቆላ ያገባሁ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ በጣሳም በኩባያም ይታጠባል፣ ማን ግድ አለው? ጓዳ የተሰቀለውን እጀታው ረዥም ቅል አወረድኩና ከሳፋው እየጨለፍኩ አጠብኳት።

ቅሉን በር ላይ ሳሰጣው ጎረቤታችን አየችኝ።

«አንቺ፣ ይኼ እኮ አማትሽ ጀናዛ የሚያጥቡበት ነው» አለች። «ዛሬ የሞተው ወንድ ስለሆነ ነው ጥለውት የሄዱት።»

አማቴ የሰፈሩን ሴቶች ሬሳ እንደሚያጥቡ አውቅ ነበር። በምን እንደሚያጥቡ ማን ጠይቆ ያውቃል? «ሰማሁ፣ ቀስ በይ» አልኳት ተቆጥቼ። ገብቼ ግን ልጅቷን ደጋግሜ ዳሰስኳት።

ከዙህር ሶላት በኋላ ልጅቷ እሳት ሆነች። ጡትም አልይዝ አለች። ብርድ መትቷት ይሆናል ብዬ ብርድ ልብስ ደረብኩላት፤ ባሰባት። ያ አላህ፣ በገዛ እጄ ገደልኳት እያልኩ ቤቱን ዞርኩት። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት? ሄጄስ ምን ልበል? በሬሳ ዕቃ አጠብኳት ልበል? አፈርኩ፤ እያፈርኩም ሰዓቱ ነጎደ።

አማቴ አስር ላይ መጡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

«እማማ፣ ይምቱኝ። በቅሉ አጠብኳት።»

አልመቱኝም። ልጅቷን ተቀብለው ብርድ ልብሱን ገፈፉ፤ ሹራቡን፣ ኮፍያውን፣ ካልሲውን አወለቁ።

«ደብረ ሲና ያለሽ መሰለሽ ወይ? በዚህ ሙቀት ቀቀልሻት እኮ» አሉ። ከዚያ ያንኑ ቅል አንስተው «ቢስሚላህ» ብለው ለብ ያለ ውሃ ያፈሱባት ጀመር።

«በሱ?» አልኩ።

«ባልሽንም በሱ ነው አጥቤ ያሳደግኩት። ሁላችንም መጨረሻችን እሱ ነው፤ ቀድማ ብትተዋወቀው ምን አለበት?»

ቀልድ አስመሰሉት። ለጀናዛ የሚጠሩት ግን እጃቸው አይሸበርም ተብሎ ነው፤ ያን ቀን ይንቀጠቀጥ ነበር። ግማሹ ውሃ ከሳፋው ውጪ ፈሰሰ። ይኼኔ ነው የባሰ የፈራሁት።

ልጅቷ አለቀሰች፣ አለቀሰችና ሰውነቷ በረድ አለ። ጡቴን ያዘች። አማቴ ቅሉን መሬት አስቀምጠው አጠገቤ ዘጭ አሉ፤ የልጅቷን እግር በመዳፋቸው ይዘው ለሷ ብቻ የሚነግሯት ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የመጨረሻውን እጥበት አንቺ ታጥቢኛለሽ እንጂ እኔ አንቺን አላጥብሽም፤ ሰማሽ?»